ለቢስክሌተኛም ተለዋጭ መንገድ ይታሰብለት

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ይህችን አስተያየቴን ከአንባብያን ደብዳቤዎች መካከል ቦታ ሰጥተው እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ የአንድ ሰው ጉዳይ መስሎ ቢታይም፣ ጧት በ2 ሰዓት ተኩል ከሥራ ገበታው ላይ ለመገኘት በሁለት ጎማ የሚጓዘውን ሠራተኛ ሁሉ የሚነካ ስለ ሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልሁም።

የምኖረው በቦሌ መድኃኔ ዓለም አካባቢ ነው፤ መሥሪያ ቤቴ ያለው ግን አራት ኪሎ ነው። በመካከሉ ያለው መንገድ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህንን መንገድ በቢስክሌት መመላለስ ከጀመርሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። የጀመርሁትም ለሰውነቴ ጤና አስቤ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ጧት ከታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ከመዋልና ደመወዝን ወር ሳይሞላ በትራንስፖርት ከመጨረስ ይሻላል ብዬ ነው። ሰው ሁሉ ጎልማሳ በቢስክሌት ሲሄድ ሲያይ «ይህ ወይ ስፖርተኛ ነው፣ ወይ ገንዘብ የቸገረው ነው» ይላል። እኔ ከሁለተኛው ወገን መሆኔን አልደብቅም።

የቀድሞው መንገዴ ቀላል ነበር። ከመድኃኔ ዓለም ወደ ቦሌ ጎዳና እወጣና በኦሎምፒያና በፍላሚንጎ አድርጌ መስቀል አደባባይ እደርሳለሁ። ከዚያ በአፍሪካ አዳራሽ፣ በብሔራዊ ቤተ መንግሥትና በሒልተን በኩል አቀበቱን ይዤ፣ በታላቁ ቤተ መንግሥት አጠገብ አልፌ አራት ኪሎ እገባለሁ። ከተማችን ከእንጦጦ ግርጌ ጀምራ ወደ አቃቂ የምታዘቀዝቅ ስለ ሆነች፣ ለእኔ ጧት አቀበት፣ ማታ ቁልቁለት ነው። ሲሄዱ 35 ደቂቃ፣ ሲመለሱ 20 ደቂቃ ይበቃል።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሥራ ሲጀመር፣ ከተመረጡት መስመሮች አንዱ ይኸው ከአራት ኪሎ በመስቀል አደባባይ እስከ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚደርሰው መንገድ ሆነ። በጎዳናው ዳር ለቢስክሌት ራሱን የቻለ መንገድ እንደሚሠራ በሰማሁ ጊዜ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ቀደም ብሎ በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም ጎዳናዎች በእሑድ ቀን ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለቢስክሌተኛ መከፈት ሲጀምሩ፣ ከነልጆቼ ወጥቼ መስቀል አደባባይን የዞርሁ ሰው ነኝ። በ2012 ዓ.ም. ስለ ሞተር አልባ ትራንስፖርት የአሥር ዓመት አገራዊ ስልት ሲወጣም በመሥሪያ ቤታችን ሻይ ክበብ ውስጥ «አያችሁ፣ ዘመኑ ወደ እኔ እየመጣ ነው» ብዬ ጓደኞቼን አስቄአለሁ። ይህንን ሁሉ መጻፌ የሥራው ተቃዋሚ ነው ተብዬ እንዳልታማ ነው።

ታዲያ አንድ ሰኞ ጧት ወደ ኦሎምፒያ ስደርስ የመንገዱ ዳር በቆርቆሮ ታጥሮ አገኘሁት። ከቆርቆሮው ወዲያ ቁፋሮ ነው፤ ከወዲህ ደግሞ መኪናዎች አንዱ ባንዱ ላይ ተጣብቀው ይጎተታሉ። በመካከሉ ለአንድ ቢስክሌት መሪ የሚበቃ ክፍተት የለም። «ተለዋጭ መንገድ» የሚል ሰሌዳ ከነቀስቱ ቆሞ ስላየሁ፣ ደግ ነው ብዬ ተከተልሁት። ሰሌዳው የወሰደኝ የጭነት መኪናና አውቶቡስ በሙሉ ኃይሉ ወደሚሮጥበት ሰፊ መንገድ ነበር። ለካ ሰሌዳው የሚናገረው ለመኪና ብቻ ኖሯል። አንድ መኪና 3 ወይም 4 ኪሎ ሜትር ቢዞር ጥቂት ቤንዚን ያቃጥላል፤ በእግሩ ኃይል የሚሄድ ሰው ግን ያንኑ ያህል ሲዞር ጉልበቱም ሰዓቱም ያልቃል፤ ከዚያም አልፎ ሕይወቱን ከጭነት መኪና ጎማ አጠገብ ያደርጋል። በዚያን ቀን መሥሪያ ቤት የደረስሁት 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር። አሻራ የሚቀበለው መሣሪያ ደግሞ መንገድ መዘጋቱን የሚያውቅበት ዓይን የለውም።

በማግስቱ የሥራው አለቃ ከሚመስል ሰው ጋር ተነጋገርሁ። «ጋሼ፣ ይህ እኮ የሚሠራው ለእናንተው ነው፤ ጥቂት ይታገሡ» አለኝ። «ለእኛ ከሆነ፣ እስኪያልቅ ድረስ በየት እንለፍ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀና ቢስክሌቱን ከኋላ ይዞ ቦዩን አሻገረኝ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። የተሰጠው ፕላን ላይ የመኪናው መዞሪያ ተሥሏል፤ የእግረኛውም መተላለፊያ እንደ ነገሩ ተሥሏል፤ ቢስክሌተኛ የሚባል ፍጥረት ግን እዚያ ወረቀት ላይ አልነበረም። ቢስክሌተኛው የሚታየው ሥራው ሲያልቅ በሚያሳዩት ሥዕል ላይ ብቻ ነው።

እንዲህ በመከራ ስመላለስ ሰኔ ገባ። አንድ ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ለኬብል የተቆፈረ ቦይ በዝናብ ውሃ ሞልቶ በመኪና መብራት እንደ አስፋልት ሲያብረቀርቅ ደህና መሬት መሰለኝ። መብራትም፣ ገመድም፣ ቀይ ጨርቅም አልተደረገበትም ነበር። የፊት ጎማዬ ሲገባ እኔ በላዩ ላይ አልፌ ወደቅሁ። የግራ እጄ አንጓ ተሰንጥቆ አምስት ሳምንት በጀሶ ታስሮ ሰነበተ። ከጉድጓዱ ጎትተው ያወጡኝ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ ልጅ የወደቀ ምሳ ዕቃዬን አጥቦ ሰጠኝ፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

እነዚያን አምስት ሳምንታት ግን በከንቱ አላሳለፍኋቸውም። እሑድ እሑድ ክንዴን በጨርቅ አንግቼ፣ በእግሬ ሌላ መንገድ ፍለጋ ጀመርሁ። በካርታ ላይ ሲታይ ከቦሌ አራት ኪሎ የሚያደርስ መንገድ ሞልቶ የተረፈ ይመስላል። መሬት ላይ ግን እንደዚያ አይደለም። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንተይቀጡ፣ ቀጨኔ የሚባሉት ወንዞቻችን ከሰሜን ተራራ እየወረዱ ከተማይቱን በየሸለቆው ይከፍሏታል። ትልልቆቹ ጎዳናዎች ድልድይ አላቸው፤ የሰፈር መንገዶች ግን ገደሉ አፋፍ ድረስ ያደርሱና ያቆማሉ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም ረጅም የመስመሩ ክፍል ወዲህና ወዲያ የታጠረ ስለ ሆነ፣ መሻገሪያው በተወሰነ ቦታ ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ አንድ ዋና ጎዳና ሲዘጋ የሚዘጋው አንድ መንገድ ብቻ ሳይሆን ድልድዩም ጭምር ነው።

በየሰፈሩ «ይህ መንገድ ያሳልፋል?» እያልሁ ስጠይቅ፣ ሁሉም «ያሳልፋል» ይለኛል። ሄጄ ሳየው ማሳለፉንስ ያሳልፋል፤ ግን በድንጋይ ደረጃ ወርዶ፣ በእንጨት ላይ ተንጠላጥሎ ነው። በኋላ ላይ ጥያቄዬን አሻሽዬ «ቢስክሌት ላይ ተቀምጠው ወይስ ተሸክመው?» ማለት ጀመርሁ። በአዋሬ አንድ ሽማግሌ ከደጃፋቸው ተቀምጠው ሲሰሙኝ ቆዩና፣ «ልጄ፣ መንገዱን አትጠይቅ፤ ድልድዩ የት እንዳለ ጠይቅ። መንገዱ ራሱ ይወስድሃል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ፍለጋው ቀለለኝ።

የተገኘው መንገድ ይህ ነው፤ ለሚፈልግ ይጠቅም ይሆናል። ከመድኃኔ ዓለም በአትላስ በኩል ወደ ኡራኤል ይኬዳል። በኡራኤል ባቡሩን አልፎ ወደ ካዛንቺስ፣ ከካዛንቺስ ወደ አዋሬ፣ ከአዋሬም ወደ ግንፍሌ ወርዶ ወደ አራት ኪሎ ይወጣል። ከቀድሞው 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይበልጣል፤ በመጀመሪያ 55 ደቂቃ ፈጀብኝ፤ በኋላ ስለምደው 45 ሆነ። ኮብልስቶን ባለበት ሁሉ ጎማውን ጥቂት ማርገብ ደግ ነው፤ አለዚያ እጅም ያማል፣ ምሳ ዕቃ ውስጥ ያለው ወጥም ከእንጀራው ጋር አንድ ሆኖ ይገኛል። በግንፍሌ ቁልቁለት ላይ ክረምት ከሆነ ወርዶ መግፋት ነው፤ እዚያ ላይ ጀግንነት የለም። ጎማ ቢተነፍስ ደግሞ ጎሚስታ የሚገኘው ታክሲ ከሚበዛበት ዘንድ ስለ ሆነ፣ በሰፈር ውስጥ ለሚሄድ ሰው ትንሽ መንፊያ ከቢስክሌቱ ላይ ማሰር ይበጃል።

በነገራችን ላይ ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው፣ በጠላት ወረራ ዘመን የጣሊያን መንግሥት ለሠራተኞቹ ቤት የሚያሠራበት ኢንቺስ የተባለ ድርጅት እዚያ ላይ ከሠራቸው መኖሪያዎች ነው። ካዛ ማለት ቤት ነውና፣ «የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች» እንደ ማለት ነው። እኔም የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜ በዚያ ሳልፍ፣ ቤት ባይደርሰኝ መንገድ ደረሰኝ እያልሁ እጽናና ነበር።

መጽናናቴ ግን ብዙ አልቆየም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ካዛንቺስ ራሱ የሁለተኛው ምዕራፍ ኮሪደር ልማት ተራ ደረሰውና፣ ቤቱም ሱቁም ተነሥቶ፣ ያ ሁሉ ያወቅሁት መንገድ አቧራ ሆነ። ምልክት አድርጌው የነበረ የሻይ ቤት፣ የምታጠፍበት የግንብ አጥር፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ጠፋ። ተለዋጩ መንገድ ራሱ ሌላ ተለዋጭ አስፈለገው። እንደገና በሃያ ሁለት ማዞሪያ በኩል ወደ ላይ ወጥቼ፣ ወደ ቀበና ወርጄና ወጥቼ፣ ሁለት ሸለቆ ተሻግሬ አራት ኪሎ መድረስ ጀመርሁ። ይህ እንግዲህ አንድ ሰዓት ነው። ዕድሜዬ ወደ ሃምሳ እየተጠጋ ስለ ሆነ ጉልበቴም አስተያየቱን መስጠት ጀምሯል።

የእኔስ ነገር ይቅር፤ ለምጄዋለሁ። ይህንን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ሌላ ነው። በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ክፍል የምትሠራ አንዲት ወጣት አለች። እኔን አይታ፣ ከደመወዟ ቆጥባ አሮጌ ቢስክሌት ገዝታ ከኦሎምፒያ መመላለስ ጀምራ ነበር። ሴት ልጅ በቢስክሌት ስትሄድ በየመንገዱ የሚባለውን የምታውቁት ታውቃላችሁ። እርሷ ግን ሰምታ እንዳልሰማች ሆና፣ ቀሚሷን በመርፌ ቁልፍ ሰብስባ፣ ስምንት ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳታረፍድ ተመላለሰች። መንገዱ ሲታጠር ሁለት ሳምንት ከመኪናው ጋር እየተጋፋች ሞከረች። በሦስተኛው ሳምንት፣ «ጋሼ፣ ጉድጓዱ በግራ፣ መኪናው በቀኝ ሲሆንብኝ ልቤ ቀጥ አለ፤ ከዚህ በኋላ አልችልም» አለችኝ። ቢስክሌቱን ከገዛችበት አሳንሳ ሸጠችው። እኔ መንገድ ፈልጌ ሳገኝላት ከእጇ ወጥቷል። ዛሬ ጧት በ12 ሰዓት ከታክሲ ሰልፍ ላይ ትቆማለች።

አሁን በቦሌ ጎዳና ላይ የተሠራው የቢስክሌት መንገድ አልቆ እነዳበታለሁ። በእውነት ለመናገር መልካም ሥራ ነው፤ ከመኪናው ተለይቶ፣ ለስልሶ፣ ማታም በርቶ ሳየው የተሰበረው እጄ ይረሳኛል። ነገር ግን ጧት በላዩ ላይ ስሄድ ከጎኔ የማገኛቸው ቢስክሌተኞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሰዎች «መንገድ ተሠራ፤ የሚነዳበት ሰው ግን የለም፤ አስፈላጊ አልነበረም ማለት ነው» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ እንደሚመስለኝ ፍርዱ የተገላቢጦሽ ነው። ከቁፋሮው በፊት ከነበርነው ጥቂቶች ገሚሱ በቁፋሮው ጊዜ ተባርሯል። አንድ ሰው ለአንድ ዓመት ቢስክሌቱን ከጣለ ወይ ይሸጠዋል፣ ወይ ጎማው ይበሰብሳል፣ ወይ ሌላ ልማድ ይይዛል። መንገዱ ሲከፈት «ና» የሚለው የለም።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ሥራው እኮ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ነው፤ በፍጥነት ያልቃል፤ ይህን ያህል ምን ያስቸኩላል?» ይሉኛል። ፍጥነቱን እኔም አደንቃለሁ። ነገር ግን ለአንዱ ክፍል ወራት ቢሆን፣ ያ ሲያልቅ የሚቀጥለው ይቆፈራል። በየቀኑ ከዳር እስከ ዳር ለሚያቋርጥ ሰው ድምሩ ሁለት ዓመት ነው። ደግሞም የምንለምነው ሥራው ይዘግይ ብለን አይደለም። ቆርቆሮው ሲቆም ወደ ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ሸሸት ቢል፣ አንድ ቢስክሌት በደህና ያልፋል፤ እግረኛ ሲመጣም ይተላለፋል። ቦታው ፈጽሞ የማይበቃ ከሆነ ደግሞ፣ መንገዱ ከመታጠሩ ከአንድ ሳምንት በፊት የቢስክሌት ሥዕል ያለበት ሰሌዳ ቆሞ በየትኛው የሰፈር መንገድ እንደምናልፍ ይንገረን። በሆላንድ አገር መንገድ ሲቆፈር ለመኪናው ከሚቆመው ሌላ፣ ለቢስክሌተኛ ብቻ ቢስክሌት የተሣለበት ቢጫ ሰሌዳ ይቆማል፤ ከየመታጠፊያው እየተቀባበለ ወደ ቀድሞው መንገድ ይመልሰዋል። ሰሌዳ ለመትከል እንደ ሆላንድ መበልጸግ አያስፈልግም፤ ቆርቆሮውም፣ ቀለሙም፣ ቀለም ቀቢውም እዚያው ሥራው ላይ አለ።

የተቆፈረ ቦይ ከመሸ በኋላ ምልክት ሳይደረግበት መቅረቱ ግን ከቢስክሌተኛም በላይ ነው። በዚህች ከተማ ውስጥ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር ነው። እኔ የወደቅሁበት ቦይ ውስጥ ነፍሰ ጡር ሴት ወይም ዓይነ ስውር ሰው ቢገባ ምን ይሆን ነበር? ይህ ሊለመን የሚገባው ነገር እንኳ አይደለም።

ሌላው ሐሳቤ ስለ ድልድይ ነው። አሁን በየወንዙ ዳርቻ ላይ ትልቅ የልማት ሥራ እየተሠራ ነው። መሐንዲሶቹ እዚያ ድረስ ወርደው ከሠሩ ዘንድ፣ በግንፍሌና በቀበና ላይ ሰፈርን ከሰፈር የሚያገናኙ ትንንሽ የእግረኛ ድልድዮች ሲያቆሙ፣ መግቢያና መውጫቸውን በደረጃ ፋንታ በተዳፋት ቢያደርጉልን ቢስክሌቱም፣ የአካል ጉዳተኛው ተሽከርካሪ ወንበርም፣ የሕፃን ጋሪም ያልፍበታል። ወርዱ ለመኪና እንዳይበቃ ሆኖ ከተሠራ ሰፈሩ ሰላሙን አያጣም። አንድ ጎዳና ሲዘጋ ከተማው ሁሉ የሚጨናነቀው እኮ፣ ከዋናው ድልድይ ሌላ መሻገሪያ ስለሌለ ነው። እኔ በአምስት እሑድ በእግሬ ስዞር፣ ለእንዲህ ያለ ድልድይ የሚሆኑ አራት ቦታዎች አይቻለሁ፤ በአንዱማ የሰፈሩ ሰዎች ራሳቸው የስልክ እንጨት ጋድመውበት ይሻገሩበታል።

እነዚህን አራት ቦታዎች በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሥያቸዋለሁ። ሥዕሉ የመሐንዲስ ሥዕል ባይሆንም ድልድዩና ገደሉ ተለይቶ ይታያል። ከሚመለከተው ክፍል ባለሙያዎች አንዱ ሊያየው ቢፈልግ፣ በማናቸውም እሑድ ጧት ከቅዳሴ በኋላ ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተገናኝተን በእግርም ሆነ በቢስክሌት ላሳየው ፈቃደኛ ነኝ። ቢስክሌት ከሌለው የእኔን እሰጠዋለሁ፤ እኔ በእግሬ እከተለዋለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤

አንድ ቢስክሌተኛ የመንግሥት ሠራተኛ
ከቦሌ መድኃኔ ዓለም፣ አዲስ አበባ